አባቴ ትከሻ ላይ ያለው እብጠት ስብ ነው ተብሏል፤ በእጅ ዳስሶ ብቻ ይታወቃል?

የኩታበር ልጅ

ጤና ይስጥልኝ። ምክር ፈልጌ ነው። አባቴ ኩታበር ወረዳ ገጠር የሚኖር ገበሬ ነው፤ ዕድሜው ወደ ስድሳ ተጠግቷል። ግራ ትከሻው ላይ፣ ወደ አንገቱ በሚያደላው በኩል፣ ከቆዳው ሥር የተቀመጠ እብጠት አለው። እናቴ ታናሽ እህቴን ከመውለዷ በፊት ጀምሮ አውቀዋለሁ ትላለች፤ እህቴ ዛሬ የልጆች እናት ናት። አይቀላም፣ አይግልም፣ መግል አውጥቶ አያውቅም። ለዐረፋ ቤት ሄጄ ሳየው ግን ከማውቀው ከፍ ያለ መሰለኝ። ኩንታል በትከሻው ሲያነሣ «ይጫነኛል» ማለትም ጀምሯል።

አሁን ቤቱ በሦስት ተከፍሏል። ጎረቤታችን በጋለ ብረት ይተኮስ ይላል። አዲስ አበባ ያለው ታላቅ ወንድሜ ወደ ካንሰር ሳይለወጥ ዛሬ ነገ ሳይባል ይቆረጥ ይላል። አባቴ ደግሞ «ይህን ያህል ዘመን አብሮኝ ኖሮ ያልገደለኝ አሁን ምን አገኘው?» ብሎ ጋቢውን ይከናነባል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ጤና ጣቢያ ያየው ባለሙያ ዳሰስ አድርጎ «ስብ ነው፣ ይተዉት» ብሎት ነበር። በእጅ ብቻ እንዴት ይታወቃል? ከፈለጋችሁ ፎቶ አንሥቼ እልካለሁ።

ወገል ጤና

ወንድሜ፣ አላህ አባትህን ያሽርልህ። በእኛ አካባቢ ይህን መሰሉን የሚተኩሱ አዋቂዎች አሉ። አያቴ ጀርባው ላይ የነበረውን በወጣትነቱ ተተኩሶ ድኗል፤ ዛሬም በእግሩ ገበያ ይወጣል። ሐኪም ቤት ከተገባ ወረፋውም ምርመራውም ገንዘቡም ማለቂያ የለው። ስብ ከሆነ ደግሞ በእሳት ይቀልጣል።

ጦሳ ሥር

«በእሳት ይቀልጣል» የሚለውን ቅቤ ለሚያነጥር ሰው ንገር እንጂ ለሰው ትከሻ አትንገር። የአጎቴን አይቻለሁ። ተተኮሰ፣ ቆዳው ተላጠ፣ ክረምቱን ሙሉ ሲያመረቅዝ ከረመ። ጠባሳው ዛሬም አለ፤ እብጠቱም ከጠባሳው ሥር አለ። ያተረፈው ነገር ቢኖር ሸሚዝ ሲለብስ የሚያሳክከው ቆዳ ነው።

የኩታበር ልጅ፣ ፎቶውንም አትላክ። እዚህ ሁላችንም ፎቶ ስናይ ሐኪም እንሆናለን። ሐኪሙ እስኪመጡ ጠብቅ፤ ማታ ማታ ይገባሉ።

የሐይቋ

እኔም «ስብ ነው» ተብዬ ነበር። አንገቴ ላይ፣ ከመንጋጋዬ ዝቅ ብሎ፣ አንድ ነገር ወጣ። አያምም፣ ሰው «ሲወፍሩ የሚመጣ ነው» ይለኛል፤ እኔ ደግሞ በዚያን ሰሞን እየከሳሁ ነበር! ቀሚሴ ሁሉ ሰፍቶኛል፤ ሌሊት በላብ ተነክሬ እነቃለሁ። በኋላ ከአጠገቡ ሌላ ትንሽ ወጣ፣ ሁለቱ ተያያዙ። በመርፌ ናሙና ተወስዶ ሲመረመር የንፍፊት ቲቢ ሆነ። ለስድስት ወር መድኃኒት ዋጥኩ፣ በነጻ ነው የሚሰጠው፤ አልሐምዱሊላህ አሁን ደህና ነኝ።

የአባትህ ዓመታት የቆየ ስለሆነ የእኔ ዓይነት ላይሆን ይችላል። ግን «ስብ ነው» የሚለው ቃል ከማንም አፍ በቀላሉ እንደሚወጣ እወቀው።

ቀዶ ሐኪም

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ የምሠራ ጠቅላላ ቀዶ ሐኪም ነኝ። ያላየሁትን ትከሻ በጽሑፍ መርምሬ ፍርድ አልሰጥም፤ ስትሄዱ ምን ሊደረግላችሁ እንደሚገባ እንድታውቁ ግን ሥራችንን ልግለጽ።

የስብ እብጠት፣ እኛ ሊፖማ የምንለው፣ የጎለመሱ የስብ ሕዋሳት በስስ ሽፋን ተጠቅልለው የሚሠሩት ጉዳት አልባ እጢ ነው። አዋቂዎች ላይ ከሚወጡት የለስላሳ አካል እጢዎች ሁሉ የሚበዛው ይኸው ነው፤ ይበልጡን ከ40 እስከ 60 ዓመት ባሉት ላይ እናየዋለን። አንገት፣ ትከሻ፣ ጀርባ፣ ክንድ፣ ሆድና ጭን ይወዳል። አብዛኛው ከ5 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም፤ በዝግታ ያድግና ለዓመታት ባለበት ይቆማል።

በእጅ ይታወቃል ወይ ላልከው፣ አዎ፣ አብዛኛውን ጊዜ ይታወቃል። ዳሰስ ማድረግና መመርመር ግን ይለያያሉ። እኔ ታማሚው ሸሚዛቸውን አውልቀው ብርሃን ባለበት እንዲቀመጡ አደርጋለሁ። ጋቢ እንደለበሱ የሚደረግ ምርመራ ምርመራ አይደለም። በእጄ ጀርባ ሙቀቱን ከዙሪያው ቆዳ ጋር አነጻጽራለሁ፤ የሚግል ከሆነ ሐሳቤ ወደ መግል ይሄዳል። በላዩ ያለውን ቆዳ በሁለት ጣት ቆንጠጥ አድርጌ አነሣለሁ፤ ሊፖማ ከቆዳው ጋር ስለማይጣበቅ ቆዳው ለብቻው ይነሣል። ከዚያ የእብጠቱን ጠርዝ በጣቴ ጫፍ ጫን ስለው ከጣቴ ሥር ያፈተልካል። ይህ ማፈትለክ ከምልክቶቹ ሁሉ የማምነው ነው፤ በመግል የተሞላም ሆነ በቆዳ የተያዘ ነገር እንዲህ አያመልጥም። የልብ ትርታ ጣቴን የሚመታው ከሆነ ደግሞ እጄን አነሣለሁ፤ ያ የደም ሥር ጉዳይ ነው።

የመጨረሻውን ብዙዎቻችን እንዘለዋለን። ታማሚው ትከሻቸውን ወደ ጆሯቸው ከፍ ያደርጋሉ፣ እኔ ወደ ታች እጫናለሁ፣ እሳቸው ይቋቋሙኛል። ጡንቻው ተወጥሮ ሳለ እብጠቱ ጎልቶ ከታየና እንደ ቀድሞው ከተንቀሳቀሰ ከጡንቻው በላይ ነው። ከጠፋ ወይም አልነቃነቅ ካለ ከጡንቻው ውስጥ ወይም ሥር ነው፤ ያን ጊዜ መጀመሪያ በምስል ይታያል እንጂ ቢላዋ አይነሣም።

ወንድምህ ለፈሩት ደግሞ ይህን ንገራቸው። ሊፖማ ቆይቶ ካንሰር ይሆናል ብለን አንፈራም። የምንፈራው ከመጀመሪያውም ሊፖማ ያልነበረ ነገር ሊፖማ ተብሎ እንዳይተው ነው። ከስብ ሕዋስ የሚነሣ ላይፖሳርኮማ የሚባል ካንሰር አለ፤ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ከጥልቁ፣ ከጭን ጡንቻ መካከልና ከሆድ ዕቃ ጀርባ ነው። ስለዚህ ከ5 ሴንቲ ሜትር ያለፈ፣ እያደገ ያለ፣ ከጡንቻ ሥር ያለ፣ የጠጠረና የማይነቃነቅ፣ አዲስ ሕመም ያመጣ ወይም ከወጣ በኋላ የተመለሰ እብጠት ስናይ «ስብ ነው» ብለን አንሸኝም። ከእነዚህ አንዱ ተገኘ ማለት ካንሰር ነው ማለት አይደለም፤ ብዙዎቹ ታይተው ተራ ሊፖማ ይሆናሉ። ግን ይታያሉ።

አባትህ ሁለት ነገር አላቸው፦ ያደገ መስሎሃል፣ መጫንም ጀምሯል። ዓመታት መቆየቱ ደግ ምልክት ነው፤ ቢሆንም ይምጡና ይታዩ። እስከዚያው በሜትር ክር ለክተህ ቀኑን ጻፍ። «ያደገ መሰለኝ» ከሚል ቃል ይልቅ ሁለት ቁጥሮች ይጠቅሙኛል።

መተኮሱን በተመለከተ፣ እብጠቱን ሳይነካ ቆዳውን ከማቁሰሉ ሌላ አንድ ጉዳት አለው፤ ማንም አያነሣውም። ጠባሳው ቆዳውን ከሥሩ ካለው ጋር ያጣብቀዋል። ከዚያ በኋላ እኔ ስመረምር ቆዳው አልነሣ ይለኛል፣ እብጠቱም አያፈተልክም። ተራውን ሊፖማ ከአስፈሪው የምለይበትን ምልክት እሳቱ ያጠፋብኛል።

ጦሳ ሥር

ዶክተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። አንድ ነገር ግን ይንገሩኝ። አብዛኛው በእጅ የሚታወቅ ከሆነ አንዳንድ ቦታ ገና ሸሚዝ ሳይወልቅ አልትራሳውንድ የሚታዘዘው ለምንድን ነው? ድኻ ሰው በግ ሸጦ ነው የሚመጣው።

ቀዶ ሐኪም

ሸሚዝ ሳይወልቅ ከታዘዘ ቅሬታዎ ትክክል ነው።

ትንሽ፣ ለስላሳ፣ ከቆዳ ሥር ያለ፣ ለዓመታት ያልተለወጠና የሚያፈተልክ እብጠት ምስል አያስፈልገውም። ጥርጣሬ ካለ ግን አልትራሳውንድ ጥሩ መሣሪያ ነው፤ አያምም፣ ጨረር የለውም። ሊፖማ በመስታወቱ ላይ ከቆዳው ጋር ትይዩ ተጋድሞ፣ ዳርቻው የተለየ፣ በውስጡ ቀጫጭን መስመሮች ያሉት ሆኖ ይታያል፤ የደም ዝውውሩም እምብዛም ነው። ከጡንቻው በላይ ይሁን በታችም ይነግረናል። ጥልቅና ትልቅ ለሆነው ኤምአርአይ ይሻላል፤ ያ ግን ውድ ስለሆነ ለሚያስፈልገው ብቻ ነው።

በመርፌ መውሰድን ሰዎች እንደ መጨረሻ ፍርድ ያዩታል። ለንፍፊት፣ ለምሳሌ ለእህታችን ለሐይቋ፣ በጣም ጠቃሚ ነው። ለሊፖማ ግን ድካም አለበት። መርፌው ስብ ይዞ ሲወጣ ከእብጠቱ ይምጣ ወይስ ከዙሪያው ካለው ከማንኛችንም የቆዳ ሥር ስብ፣ በአጉሊ መነጽር ሁለቱ አንድ ናቸው። ስለዚህ «ስብ ተገኘ» የሚል ወረቀት ከእጅ ምርመራው ጋር ካልተጋጠመ ብቻውን አያሳርፈኝም።

መርሳ ገበያ

የእኔ ደግሞ አንድ ሁለት አይደለም። ሁለቱም ክንዶቼና ጎኔ ላይ ትንንሽ ትንንሽ ሆነው ተዘርተዋል። አባቴም እንደዚሁ ነበረው፤ አሁን ታናሽ ወንድሜ ላይ ጀምሮታል። ገበያ ላይ እጄን ያየ ሁሉ ምክር አለው፦ ጮማ ተው፣ ቅቤ ተው፣ ጥሬ ሥጋ ስለምትበላ ኮሶ ሥጋህ ውስጥ ገብቶ ነው። ኮሶ መድኃኒት ጠጥቼ አንጀቴ ሊወጣ ደረሰ፤ እብጠቶቹ ግን ንቅንቅ አላሉም። ዶክተር፣ እውነት ከምግብ ነው?

ቀዶ ሐኪም

ከአባት ወደ ልጅ መውረዱ ራሱ መልስ ነው። በቤተሰብ የሚተላለፍ የብዙ ሊፖማ ዓይነት አለ፤ ያልከው ሁሉ፣ ክንዱም ጎኑም፣ ከእሱ ጋር ይስማማል። ጮማ አላመጣውም፣ መጾምም አይወስደውም። ሰውነት ሲከሳ ሊፖማ አብሮ አይከሳም፤ እንዲያውም ዙሪያው ሲሳሳ ይበልጥ ጎልቶ ይታያል።

ኮሶውን በተመለከተ፣ ከበሬ ጥሬ ሥጋ የሚመጣው የኮሶ ትል መኖሪያው አንጀት ነው፤ ሰው ሥጋ ውስጥ ገብቶ እብጠት አይሠራም። ወደ ሰው ጡንቻና አንጎል የሚገባው ከአሳማ ጋር የሚዛመደው ዘር ነው። ጥሬ ሥጋ ለሌላ ምክንያት ይቅርብህ ብል እወዳለሁ፤ የክንድህን እብጠት ግን በእሱ ላይ አላሳብብም።

ከመካከላቸው ሲነኩት የሚያምህ አለ?

መርሳ ገበያ

አለ። የግራ ክንዴ ላይ ያሉት ሁለቱ ሚዛን ሳነሣ ሲነኩብኝ ያንገበግቡኛል። ሌሎቹ ምንም አይሉም።

ቀዶ ሐኪም

የደም ሥር የበዛበት የሊፖማ ዓይነት አለ፤ ክንድ ላይ መውጣት ይወዳል፣ ሲነካ ያምማል፣ ጉዳት ግን የለውም። እነዚያን ሁለቱን አሳይና ሥራህን ካወኩህ ይወጡልሃል። ሌሎቹን ሁሉ እየለቀሙ ማውጣት ክንድህን በጠባሳ ከመሙላት በቀር ጥቅም የለውም።

ነርስ ከወልድያ

ዶክተር ያልነኳቸውን ጥቂት ነገሮች ልጨምር፤ ተመላላሽ ክፍል በየቀኑ የማያቸው ናቸው።

ብዙ ሰው «ስቤ ፈነዳ» ብሎ ይመጣል። ስብ አይፈነዳም። የፈነዳው ከቆዳ ጋር የተጣበቀ ከረጢት ነው፤ መካከሉ ላይ ጥቁር ነጥብ የምትመስል ቀዳዳ አለችው፣ ሲጨምቁት ነጭ፣ ወፍራም፣ የሚከረፋ ነገር ይወጣል። ራስ ቆዳ፣ ፊት፣ ጀርባና የጆሮ ጀርባ ላይ ይበዛል። ቤት ውስጥ በመርፌ ተወግቶ፣ በጥፍር ተጨምቆ፣ ቀልቶና አብጦ ነው የሚደርሰን። ከረጢቱ በንጽሕና ካልወጣ ደግሞ ይመለሳል። እባካችሁ አትጨምቁት።

ብሽሽት ላይ ያለውና ሲያስሉ የሚገፋ፣ ሲተኙ የሚገባ እብጠት ሄርኒያ ሊሆን ይችላል፤ እሱን ማንም በምላጭ እንዳይነካው፣ ሥሩ አንጀት አለ። ጡት ላይ የወጣ እብጠት ለስላሳም ይሁን ጠጣር፣ ሴትም ትሁን ወንድ፣ «ስብ ነው» ተብሎ በቤት አይታለፍም። የኤችአይቪ መድኃኒት ለረጅም ጊዜ የወሰዱ አንዳንዶች ደግሞ ከማጅራታቸው በታች ስብ ሊከማችባቸው ይችላል፤ አፍረው አይደብቁት፣ መድኃኒቱን በራሳቸው አያቋርጡ፣ ለሚከታተላቸው ባለሙያ ይንገሩ።

የኩታበር ልጅ፣ አባትህ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆኑ በቀጥታ ሆስፒታል አትውሰዳቸው። ከጤና ጣቢያቸው ይጀምሩና የሪፈር ወረቀት ይያዙ፤ ያለዚያ ወጪው ወደ ኪሳችሁ ይመጣል። መታወቂያው የዘንድሮ መታደሱንም እይ። በዚህ የተመለሰ ሰው ስንቱ ነው!

የባቲ ሰኞ

እኔ ልጄን ልጠይቅ። ገና ጡት የምትጠባ ናት። ወገቧ ላይ፣ ልክ ከመቀመጫዋ ከፍ ብሎ መሐል ለመሐል፣ ለስላሳ እብጠት አላት። ስትወለድ ጀምሮ ነው። ላዩ ላይ ትንሽ ፀጉር አለበት። አማቴ «የስብ ነው፣ ይበጣ» አሉኝ። እግሯን ታወራጫለች፣ ትስቃለች፣ ደህና ናት።

ቀዶ ሐኪም

እህቴ፣ ማንም እንዳይበጣው፣ መርፌም እንዳያስገባበት። ለእማማም በአክብሮት ንገሪያቸው፦ ሐኪሙ እንኳ ምስል ሳያይ አይነካውም በያቸው።

ሕፃን ላይ፣ በወገብ መሐል መስመር፣ ፀጉር ወይም የቆዳ ምልክት ያለበት የስብ እብጠት ከአከርካሪው ጋር የተያያዘ ሊሆን ይችላል፤ ስቡ በአጥንቱ ክፍተት ገብቶ ከነርቭ ገመዱ ጋር የሚገናኝበት ጊዜ አለ። አዋቂ ትከሻ ላይ ካለው ጋር በስም እንጂ በጠባይ አይመሳሰልም። በመጀመሪያዎቹ ወራት የአከርካሪዋ አጥንት ገና ስላልጠነከረ አልትራሳውንድ ውስጡን ማሳየት ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ኤምአርአይ ይሆናል። ስለዚህ አትዘግዪ፤ ለሕፃናት ሐኪም አሳዪያት፣ ከዚያ ወደ ነርቭ ቀዶ ሐኪም ይልኳታል። እግሯን ማወራጨቷ ደስ ይላል። ሽንቷ ያለማቋረጥ የሚንጠባጠብ ከሆነ ወይም አንዱ እግሯ ከሌላው ከሰነፈ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ።

የባቲ ሰኞ

እሺ ዶክተር፣ አላህ ያክብርልኝ። ነገውኑ እወስዳታለሁ።

ሾፌሩ

ይህን ክር ዝም ብዬ ሳነብ ነበር፤ የወንድሜን ሳልጽፍ ማለፍ አልቻልኩም።

ጭኑ ላይ ነበር፣ በውስጥ በኩል። መኪና ሲነዳ አይታወቀውም፣ ሱሪ ሲለብስ ግን አንደኛው እግር ይጠብበታል። አንድ ክሊኒክ ገባ፤ «ስብ ነው» ብለው በዚያው ቀን ቆርጠው አወጡለት። የወጣውን ነገር በሳህን አሳዩት፤ ቢጫ ነው፣ እሱም «እውነትም ስብ» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ከቆሻሻው ጋር ተጣለ። ዓመት ሳይሞላው በዚያው ቦታ ተመለሰ፤ አሁን ደግሞ ጠጣር ሆኖ። ትልቅ ሆስፒታል ሲሄድ መጀመሪያ የጠየቁት «የፊተኛው የፓቶሎጂ ውጤት የታለ?» ነበር። የወጣው ነገር በአጉሊ መነጽር ተመርምሮ የሚጻፈውን ማለታቸው ነው። ምን ውጤት? ተጥሏል። አዲስ ናሙና ተወስዶ ዶክተር ያሉት ላይፖሳርኮማ ሆነ። ከዚያ ሰፊ ቀዶ ሕክምና፣ ከዚያ አዲስ አበባ ጨረር። በሕይወት አለ፣ ይመስገነው፤ እያነከሰም ቢሆን ይሠራል።

ቢጫ የሆነ ሁሉ ስብ አይደለም። ከሰውነታችሁ የወጣ ነገር የት እንደሚሄድ ጠይቁ።

ጦሳ ሥር

አይ ወንድሜ! እግዚአብሔር ጨርሶ ይማርልህ። እንግዲህ ስንቱ ነው ወጥቶ ሳይታይ የተጣለው?

ቀዶ ሐኪም

ሾፌሩ የጻፈውን ሁለት ጊዜ አንብቡት። ጥልቅ የጭን እብጠት በምስል ሳይታይ በአንድ ጠዋት ተቆርጦ መውጣት አልነበረበትም። ዝቅተኛ ደረጃ ያለው ላይፖሳርኮማ በዓይን ሲታይ ከሊፖማ ጋር ይምታታል፤ ቢጫነቱ ምንም አይነግረንም፣ የሚለየው የፓቶሎጂ ባለሙያው ነው።

ናሙና ስለ መያዝ ልንገራችሁ፤ በእኛ አገር ብዙ ጊዜ የሚሸከመው ታማሚው ራሱ ነውና። የወጣው ነገር አፉ ሰፊ በሆነ ዕቃ ውስጥ በ10 በመቶ ፎርማሊን ይቀመጣል፤ ፈሳሹ ከናሙናው አሥር እጥፍ ያህል መብዛት አለበት። ውኃ አይሆንም፣ አረቄ አይሆንም፤ የግሉኮስ ፈሳሽም ያበላሸዋል። ስም፣ ዕድሜ፣ የወጣበት ቦታና ጎን፣ ቀኑ ይጻፍበታል፤ ክዳኑ ላይ ሳይሆን ዕቃው ላይ፣ ክዳን ይለዋወጣልና። የጥያቄ ወረቀቱ ላይ ሐኪሙ መጠኑንና ከጡንቻ በላይ ይሁን በታች መሆኑን መጻፍ አለበት። ባዶ ወረቀት የደረሰው የፓቶሎጂ ባለሙያ በጨለማ ነው የሚሠራው። ዕቃውን በአውቶቡስ ይዛችሁ ከሄዳችሁ በደንብ ከድናችሁ በላስቲክ ጠቅልሉት፤ ጠረኑ ዓይን ያቃጥላል፣ ሕፃን እንዳይደርስበት።

ወገል ጤና

አያቴን ዛሬ ጠየቅኩት። ጀርባው ላይ የነበረው መግል የያዘ ብጉንጅ ነበር አለኝ። «ፈነዳና ዳነ እንጂ እሳቱማ ያተረፈልኝ ጠባሳውን ነው» ብሎ ሳቀብኝ። የኩታበር ልጅ፣ ምክሬን መልሼ ወስጃለሁ።

የኩታበር ልጅ

ሰላም ናችሁ? ዘገየሁ፤ አጨዳ ነበርና አባቴን ከማሳ ማውጣት ቀላል አልሆነም። እናቴ ናት ያሸነፈችው።

በነርሷ ምክር ከጤና ጣቢያ ጀመርን። የመድን መታወቂያው አልታደሰም ነበር! ያን ጨርሰን፣ ሪፈር አጽፈን፣ ደሴ ሄድን። ያየው ወጣት ሐኪም ሸሚዙን አስወልቆ፣ ቆንጥጦ፣ ገፍቶ፣ ትከሻውን ወደ ላይ አስነሥቶ ተጫነው። አባቴ «ልጄ፣ ልትታገለኝ ነው ወይስ ልታክመኝ?» አለው። ከዚያ ለካው፤ 6 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ከ5 ስላለፈና «ያደገ ይመስላል» ስላልን አልትራሳውንድ አዘዘ። ውጤቱ፦ ከቆዳ ሥር፣ ከጡንቻው በላይ፣ ዳርቻው የተለየ፣ የደም ዝውውር የማይታይበት፣ ከሊፖማ ጋር የሚስማማ ይላል።

ሐኪሙ ሁለት መንገድ ሰጠን፦ ሸክሙ የማያስቸግረው ከሆነ እየለኩ መጠበቅ፣ ካስቸገረው ማውጣት። አባቴ «ሸክም ትቼ ምን ልሠራ ነው? ይውጣ፤ ግን እህሉ ጎተራ ሳይገባ አልተኛም» ብሎ ከመኸር በኋላ ተቀጠረ። ወንድሜ ስልክ ላይ አሁኑኑ ካልሆነ ብሎ ሲጮህ አባቴ ስልኩን ለእናቴ አቀበላት።

ዶክተር፣ መቆየቱ ይጎዳዋል? ከወጣ በኋላስ በስንት ጊዜ ሸክም ይይዛል?

ቀዶ ሐኪም

እንኳን ደስ አላችሁ፤ ያየው ልጅ ሥራውን ያውቃል።

ምስሉ እንደዚህ ከሆነ እስከ መኸር መቆየቱ አይጎዳም። እስከዚያ በግልጽ ካደገ ወይም ከጠጠረ ብቻ ቀጠሮውን አስቀድሙ። በቦታው ማደንዘዣ በመወጋት ነው የሚሠራው፤ አባትህ ነቅተው ይጨዋወታሉ፣ ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን ወደ ቤት ይመለሳሉ። ሽፋኑ ሳይቀደድ ሙሉውን ከወጣ የመመለስ ዕድሉ ትንሽ ነው። የስኳር ሕመም፣ የደም ግፊት ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ካለ አስቀድመህ ንገራቸው። በመርፌ ማደንዘዣ ሰውነታቸው ተቆጥቶ የሚያውቅ ከሆነም እንዲሁ።

የትከሻና የጀርባ ስፌት ቆዳው ስለሚወጠር ቆየት ብሎ ነው የሚፈታው፤ ከ10 እስከ 14 ቀን። ስፌቱ ተፈታ ማለት ግን ትከሻው ለኩንታል ደረሰ ማለት አይደለም፤ ሸክሙን ቢያንስ ለአንድ ወር ያቆዩት፣ ከዚያም ቀለል ካለው ይጀምሩ። ባዶ በቀረው ቦታ ውኃ ተጠራቅሞ ለስላሳ እብጠት ሊመለስ ይችላል፤ «ተመለሰ» ብላችሁ አትደንግጡ፣ አሳዩት። ቀልቶ ከጋለና ትኩሳት ከመጣ ግን በዚያው ቀን ይምጡ። ናሙናውን ደግሞ አደራ፦ ምስሉ ጥሩ ነው ተብሎ እንዳይጣል፤ 6 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ይላካል።

የኩታበር ልጅ

ዕቃውን ከአሁኑ ገዝቻለሁ፤ አፉ ሰፊ ነው። ፎርማሊኑን ሆስፒታሉ ይሰጣል ወይስ ከውጭ ነው የሚገዛው?

ነርስ ከወልድያ

ብዙ ጊዜ ከቀዶ ሕክምና ክፍሉ ይገኛል፤ አንዳንዴ ያልቃል። ከቀጠሮው በፊት በነበረው ቀን ደውለህ ጠይቅ። ከሌለ በሐኪሙ ማዘዣ ከውጭ ይገዛል፤ የገዛኸውን እዚያው ለነርሷ አስረክባት፣ ቤት ውስጥ እንዳታሳድረው።